ውልዎ ተጠናቋል፤ እናመሰግናለን

ሠራተኛ ማባረር ኋላ ቀርነት ነው። ወጪው ብዙ፣ ችሎቱ ረጅም፣ ወሬው ክፉ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በሚዘረጋው መንገድ ዳር መጋዘንና ካምፕ የከፈተ ብልህ ድርጅት ዛሬ ማንንም አያባርርም። ውል አያድስም፤ በቃ።

ዘበኛው የኤጀንሲ ነው። ሾፌሩ የትራንስፖርት ማኅበሩ፣ ጫኝና አውራጁ የቀን ሠራተኛ፣ ሒሳቡን የምትሠራው ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ቤቷ ተቀምጣ በላፕቶፕ የምትልክ «አማካሪ»። ድርጅቱ ያለው ሥራ አስኪያጅና ማኅተም ብቻ ነው። ሠራተኛ የሌለው ድርጅት የሚያጋልጠው ሠራተኛም አይኖረውም። ይህን ያሰበ ሰው ሽልማት ሊነፈገው አይገባም።

እንበል፣ ሎጊያ አጠገብ ባለ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ አለ። የገባና የወጣ መኪና ታርጋና ሰዓት በደብተሩ ይጽፋል። ቀን 400 ኩንታል ገባ፤ ሌሊት ደግሞ ሰነድ የሌለው አይሱዙ 60 ኩንታል ጭኖ ወጣ። ጠዋት በስቶክ ካርዱ ላይ 400ው ሳይነካ ተቀምጧል። ዘበኛው ሞኝ ቢጤ ነውና ደብተሩን ይዞ ለሚመለከተው አካል አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም፣ አልዛተም። ለኤጀንሲው ደውሎ «ልጁን ቀይሩልኝ» አለ። ኤጀንሲውም አላባረረውም፤ ሌላ ሳይት እስኪገኝ ቤቱ ሆኖ እንዲጠብቅ ነገረው። ሳይቱ ሳይገኝ የውሉ ቀን ደረሰ፤ የምስጋና ደብዳቤም ተሰጠው።

ይክሰስ የሚል አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ዘበኛው ያመለከተው ግን በአሠሪው ላይ ሳይሆን በአሠሪው ደንበኛ ላይ ነው! መጋዘኑ «አሠሪው እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ኤጀንሲው «እኔ አላሰናበትሁም፤ ውሉ በጊዜው አለቀ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በራሱ ንግድ ወይም ሙያ ኃላፊነት ተቋራጭ ሆኖ የሚሠራውን ሰውማ አዋጁ ገና በአንቀጽ 3 ከደጅ መልሶታል።

ለጠቋሚ የወጣ ልዩ አዋጅም አለ፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። በውስጡ ማንነት መቀየር አለ፣ መኖሪያ መለወጥ አለ፣ ራስን መከላከያ መሣሪያ መስጠት ሳይቀር አለ። የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ የተጠቆመው ወንጀል 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ፣ በሌላ መንገድ ሊደረስበት የማይችል፣ በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ላይም ከባድ አደጋ የሚያስከትል መሆን አለበት። ስለዚህ ዘበኛው ደብተሩን ከመግለጡ በፊት የወንጀል ሕጉን ገልጦ 60ው ኩንታል ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ያሰላል። ካነሰ፣ ሌባውን ትንሽ ጨምሮ እንዲሰርቅ ይለምነዋል።

መንግሥት ጠቋሚ ይጠላል ማለት ግን ሐሜት ነው። አዋሽ ኬላ ላይ የሌላ ሰው ኮንትሮባንድ ያስያዘ ወሮታ አለው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም የታክስ ስወራ ላጋለጠ ከተሰወረው ታክስ እስከ 20 በመቶ ሊከፈለው እንደሚችል ይናገራል፤ የሚከፈለው ታክሱ ሲሰበሰብ ነው። የቤት ኪራይ በየወሩ መሆኑ የአከራዩ ጥፋት ነው።

ከቤቷ የምትሠራዋ ልጅስ? የእሷ ስንብት ደብዳቤም አያባክንም፤ ከቴሌግራም ግሩፑ ትወጣለች፣ ፓስወርዱ ይቀየራል። ሕጉ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አያውቅም እንዳይባል፣ ያው 1156 በአንቀጽ 46 ከአሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ውጭ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ስለሚሠራ ሰው ይናገራል። አሠሪዎቻችን ግን እዚያ አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ይደክማል፤ «አማካሪ» ብሎ መጻፍ ይቀላል።

በዚህ ብቸኞች አይደለንም። ናይሮቢ ውስጥ የፌስቡክን አስከፊ ልጥፎች ሲያጣሩ ከነበሩት መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ደሞዛቸውን የሚከፍለው ሳማ የተባለ ተቋራጭ ነበር። ባልደረባቸው የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ዳንኤል ሞታውንግ የሥራውን ሁኔታ ገልጦ ተናገረ፤ ታይም መጽሔትም በየካቲት 2014 ጉዳዩን ይዞት ወጣ። በ2015 ከ180 በላይ አጣሪዎች ሲከሱ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም» ብሎ ተከራከረ። የኬንያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በመስከረም 2017 ሊከሰስ ይችላል አለ። የሎጊያው መጋዘን ጠበቃ ይህን ውሳኔ ባያነበው ይሻለዋል።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዘበኛውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሁን በተባለ። በሰኔ 2015 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለተረጂው ሳይደርስ እየተዘረፈ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። የአፋር ተረጂም አብሮ ተቀጣ። ያ ሁሉ እህል ከመጋዘን ሲወጣ፣ ሲጫንና ወፍጮ ቤት ሲራገፍ ያየ ዘበኛ፣ ጫኝ፣ ሾፌር አልነበረም ማለት ነው? ነበረ እንጂ። ውሉ እንዲታደስለት የሚፈልግ ሰው ነበር።

መድኃኒቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካ ሕጓን እ.አ.አ. በ2017 አሻሽላ ተቋራጩንና የኤጀንሲ ሠራተኛውን ከጥበቃው ሥር አስገብታለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲሁ አድርጓል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና ምክር ቤቱ 1156ን ዳግም ሲያዩ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ጥቆማ ከቀረበ በኋላ ያልታደሰ ውል ካለ፣ ያልታደሰበትን ምክንያት የማስረዳት ግዴታው የኤጀንሲውና የደንበኛው ይሁን፤ የሠራተኛው አይሁን።