ድርሳነ ንፍጥ ዘጋሸና

የሰው ልጅ ሥጋ ከረቂቃን ተሕዋስያን ራሱን ስለሚጠብቅበት ሥርዓት የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ከደም ይጀምራሉ። እኛ ከአፍንጫ መጀመራችን ከድፍረት ሳይሆን ከመልክዐ ምድር አስገዳጅነት የመነጨ ነው፤ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው የቻይና መንገድ ወደ ላሊበላ ከሚታጠፈው ጎዳና ጋር በሚገናኝበት፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በጋሸና፣ በማለዳ ከቅጥቅጥ የወረደ መንገደኛ ከአካላቱ ሁሉ አስቀድሞ ህልውናው የሚገለጥለት አፍንጫው ነውና።

ንፍጥ በባሕርዩ አንድ ሲሆን በግብሩ ሁለት ነው። ቀዳማዊው «ንፍጥ ዘቊር» ይባላል። ቀዝቃዛ አየር እርጥበት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ፣ አፍንጫ ወደ ሳንባ የሚወርደውን ነፋስ ማሞቅና ማርጠብ ግዴታው ነው፤ ስለዚህም ውኃ ያመነጫል። በአንጻሩ ከውስጥ የሚወጣው ሞቃት እስትንፋስ ከቀዘቀዘው የአፍንጫ ጫፍ ሲደርስ ወደ ጠልነት ይለወጣል። ከእነዚህ ከሁለቱ ምንጮች ተባብሮ በላይኛው ከንፈር ላይ የሚንጠለጠለው ፈሳሽ ከደዌ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም፤ ሆኖም ባለቤቱ «ጉንፋን ያዘኝ» ብሎ ለጎረቤቱ ከማወጅ የሚያግደው ሕግ እስካሁን አልተደነገገም።

ካልዓዊው «ንፍጥ ዘጸብእ» ነው፤ መልኩ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ጠባዩ ወፍራምና ግትር። ነጭ የደም ሴሎች ወራሪዎቹን ሊውጡ ወደ አፍንጫ ሽፋን ይተማሉ፤ ይህን የመዋጥ ግብር የመረመረው ኢሊያ መችኒኮፍ በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ሴሎቹ በብዛት ሲከማቹና ሲሞቱ፣ በውስጣቸው ያለው ብረት አዘል ኢንዛይም ንፍጡን አረንጓዴ ያለብሰዋል። አረንጓዴነቱ ብቻውን አንቲባዮቲክ ለመግዛት በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ በዚሁ አጋጣሚ እንመሰክራለን።

ከዚህ በላይ የሆነ ክብርም አለው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ባክቴሪያን የሚያፈርሰውን ላይሶዛይም የተባለ ንጥረ ነገር በ1922 እ.ኤ.አ. ለሊቃውንት ያስተዋወቀው ከጉንፋናም ሰው ንፍጥ አግኝቶ ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር በእንባና በምራቅም ይገኛል። ዓለም ግን ሰውየውን ከስድስት ዓመት በኋላ በተገኘው ፔኒሲሊን ብቻ ያወድሰዋል። ሻጋታ ከንፍጥ የበለጠ የተከበረበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ አይደለም።

በአወጋገድ ረገድ የጋሸና መንገደኞች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ወርዋርያን የሚባሉት አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍነው በሌላው የሚናፈጡ ናቸው፤ የእነዚህ ጥበብ የነፋስን አቅጣጫ አስቀድሞ ማጥናትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ያላጠና ውጤቱን በራሱ ጋቢ ላይ ያነበዋል። መሐረባውያን ሶፍት የያዙ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ብዙ የሚባል የለም። ሰሓብያን ግን፣ በአብዛኛው ሕፃናት፣ ወደ ውስጥ የሚስቡ ናቸው። እናቶች «አንተ፣ ተናፈጥ እንጂ!» እያሉ ቢገሥጿቸውም፣ የተፈጥሮን ሥርዓት በታማኝነት የጠበቁት እነርሱ ብቻ መሆናቸውን ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ በአፍንጫ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች በየሰከንዱ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ተሕዋስያን የተጣበቁበትን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይነዱታልና፤ ከዚያም ተውጦ በጨጓራ አሲድ ፍርዱን ያገኛል።

የቀረው ስለ መስኮት ያለው ክርክር ነው። በቅጥቅጡ ውስጥ አንዱ ሲያስነጥስ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ይማርህ» ይላል፤ እርሱም «ያኑራችሁ» ይላል፤ በዚህ ሥርዓት ምርቃቱም ቫይረሱም ለሁሉም ይደርሳል። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኧረ በእመቤቴ፣ ያን መስኮት ዝጉልኝ፣ ብርድ ይመታኛል!» ይላሉ። የማኅበረ ዝጉ አስተምህሮ ደዌ ከውጭ እንደሚገባ ያጸናል። ማኅበረ ክፈቱ፣ ማለትም አንድ ተማሪ፣ ደዌው አስቀድሞ ቲኬት ቆርጦ እንደተሳፈረ ይሟገታል። ብርድ ቫይረስን እንደማይወልድ የተረጋገጠ በመሆኑ ሚዛኑ ወደ ተማሪው ያዘነብላል፤ ነገር ግን የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት ሲቀንስ የሽፋኑ ሴሎች ጉንፋን አምጪ ቫይረስን የመመከት ኃይላቸው እንደሚደክም በቤተ ሙከራ ስለታየ፣ እናታችንን ፈጽሞ መርታት አይቻልም።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ወደ ሀገር በገባ ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ለማኅበረ ክፈቱ ወግነው እንደነበር ይታወሳል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በጋሸና መስመር በተግባር እልባት አላገኘም፤ ክርክር የተነሣበት መስኮት እጀታው ከወለቀ ቆይቷል፣ እጀታውም ያለው ከረዳቱ ኪስ ነው፣ ረዳቱም ጣራ ላይ ፍየል እያሰረ ነው።