ሐተታ ዘኬጂ፦ የአራት ዓመት ሕፃን በግል ትምህርት ቤት ደጅ ስለሚመዘንበት ጥበብ

ሊቃውንት ስለ ሰማይ ስፋትና ስለ ባሕር ጥልቀት ብዙ ጽፈዋል። አንድ ሕፃን አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ ወደ ገነነ የግል ትምህርት ቤት በምን ምሥጢር እንደሚገባ ግን ብራና የፋቀ፣ ቀለም የበጠበጠ አልተገኘም። ዕውቀታችን ከትሕትናችን ስለሚበልጥ ይህን ጉድለት ልንሞላ ተነሥተናል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱና ከግብፅ ያስመጧቸውን ኮፕት መምህራን ሲሾሙ፣ ጭንቁ ተማሪ መምረጥ ሳይሆን ተማሪ ማግኘት ነበር። ያኔ ትምህርት ቤት ወላጅን ይለምን ነበር። መቶ ዓመት ፈቀቅ ሲል ልመናው ዞረ።

በመካከሉ ያለፈውን ዘመን እኛ «ዘመነ ጆሮ» ብለነዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ከርሞ ይመለስ። ከዚህ የጠራ ፈተና የሰው ልጅ አላገኘም። አስጠኚ አይቀጠርለትም፤ ክንድ በክረምት ኮርስ አይረዝምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚፈተነው ልጁ ራሱ ነበር። የዚህ ሐተታ ራሱም እግሩም ይኸው ነው፦ ከዘመነ ጆሮ ወዲህ ሕፃን ተፈትኖ አያውቅም፤ ፈተና ላይ የሚቀመጠው ወላጁ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የሌሊት ነው። ምዝገባ ሊከፈት ሲል ጋቢ የደረቡ አባቶች አጥር ሥር ይሰለፋሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከመካከላቸው አንዱ፣ ማንም ሳይሾመው፣ ከደብተር ገጽ ገንጥሎ ስም መጻፍ ይጀምራል። በየሰዓቱ ይጠራል፤ ሻይ ፍለጋ የሄደውን ይሰርዛል፤ «ቦታዬን ይዤ ነው የሄድኩት» የሚለውን ይዳኛል። ሲነጋ ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ «ይቺ ወረቀት ከኛ አይደለችም» ይላል፤ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ግፊያ ሆነ። (በዚያች ሌሊት የታየውን ዓይነት ንጹሕ አስተዳደር በየክፍለ ከተማው ብናገኝ ይህን ያህል አንማረርም ነበር።)

ሁለተኛው የቃል ፈተና ነው፤ እርሱም በአንድምታ ካልሆነ አይፈታም። መምህርቷ የሙዝ ሥዕል አንሥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለች። ይህ ምንድን ነው አለች፤ ፍሬውን ያውቀው እንደሆነ ልትለይ። አንድም፦ ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚቆጡት ልትሰማ፤ «ሙዝ» ያለው ትክክል ነው፣ «ባናና» ያለው ግን ይገባል። አንድም፦ ከመስኮቱ ማዶ ቆማ ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰውን እናት ልታይ። ቦ፦ ሥዕሉ በፎቶ ኮፒ ብዛት ስለጠቆረ እርሷም አጥርታ አላወቀችውም የሚል አለ። አንዱ ሕፃን ብስኩቱን እያኘከ «አንቺ አታውቂውም እንዴ?» ብሎ መለሰ። በእኛ ግምት ከመልሶች ሁሉ የላቀው ይህ ነበር፤ «ገና አልበሰለም» ተብሎ ተሸኘ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ማለቱን እናስታውሳለን፤ ፖሊሲው ግን ኬጂ ሊመዘገብ አልመጣም።

ስለ ፎርሙ ብዙ አንልም። ሕፃኑ ስምና የትውልድ ቀን ብቻ ነው ያለው፤ የቀረው ስለ አባት ሥራ፣ ስለ እናት ሥራና ስለ መሥሪያ ቤታቸው ነው። «ሰው አለኝ» የሚባለው ሰው የሚጻፍበት መስመር ባይኖርም ሳይነበብ አይቀርም።

ባዕዳንም ከዚህ መከራ አላመለጡም። ፍሬድሪኽ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ የዘመናዊውን መዋዕለ ሕፃናት መሠረት ሲጥል ሕፃን በጨዋታ ያድጋል ብሎ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ጨዋታው ከፍ አለ። የዎል ስትሪቱ ተንታኝ ጃክ ግሩብማን እ.ኤ.አ. በ1999 ለሲቲግሩፕ አለቃው በጻፈው ማስታወሻ ስለ ኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ የሚሠራውን ግምገማ ከተረከ በኋላ፣ እዚያው ላይ መንታ ልጆቹን ናይንቲ ሰከንድ ስትሪት ዋይ በተባለው ማዕከል መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት እንዲረዳው ጠየቀ። የኩባንያው ደረጃ ከፍ ተደረገ፤ ባንኩም ለማዕከሉ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ግሩብማን እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሌሎች ግምገማዎቹ ተከሶ 15 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ከአክሲዮን ገበያ ሥራም ዕድሜ ልኩን ታገደ። በእኛ አገር ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ መሆኑን ሲሰሙ የኒው ዮርክ ሊቃውንት ሳይቀኑብን አይቀሩም።

የቀረን የወንድምና የእህት ሕግ ነው። ታላቁ ከገባ ታናሹ ያለ ብዙ ጥያቄ ይከተላል፤ ስለዚህ የበኩር ልጅ ሙዙን የሚያየው ገና ላልተወለዱትም ጭምር ነው። ክርክር ያስነሣው የመንታዎች ጉዳይ ነው። አንደኛው ወገን «በር ላይ ቀድሞ የገባው ለሌላው ታላቅ ይሆንለታል» ይላል፤ ሌላው «አብረው የመጡ አብረው ይፈተኑ» ይላል። መዝጋቢዋ ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ ሁለት ፎርም፣ ሁለት ክፍያ ነው ብላለች።