ብር ያመጣችው ምን ነካት?

በፓሪስ ኦሊምፒክ ትግስት አሰፋ በሴቶች ማራቶን በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በአንዲት ሴት ብቻ መቀደም በየትኛውም አገር ሚዛን ድል ነው። በእኛ ሰፈር ግን ሶፋ ላይ የተዘረጉት ዳኞች "ምነው ትንሽ ቀደም ብላ ብትወጣ!" እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። (ከዳኞቹ አንዱ ሊፍት ከተበላሸ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ቀጠሮ አይቀበልም።)

ጥፋቱ የአበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ወርቅ ባያመጣ ኖሮ፣ ዛሬ ነሐስ በመጣ ቁጥር ሰንጋ እንጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የመጡት 4 ወርቆች ደግሞ ጭራሽ አባለጉን።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፉ፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት ስኬቱ ለምኞቱ ሲካፈል የሚገኝ ነው ይላል። ስሌቱ አይጠፋንም፤ ችግሩ ሁለት አካፋይ መያዛችን ነው። ለሯጯ አካፋዩ ወርቅ ነው፤ ለራሳችን ሲሆን እስኪመቸን ይቀነሳል። በመስከረም "ዘንድሮ በየማለዳው እሮጣለሁ" ያለው ሰው በጥቅምት ወደ ሶምሶማ፣ በኅዳር ወደ እርምጃ ይወርዳል። ሰኔ ላይ የስፖርት ጫማ መግዛቱን ስኬት ብሎ መዝግቦ ዓመቱን መቶ ከመቶ ይዘጋል። ጫማው ገና ከካርቶኑ አልወጣም፤ ሒሳቡ ግን ልክ ነው።