ከተማ የመምረጥ ጥናትና ካሉበት ያለመነቃነቅ ጥበብ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ሦስተኛ ልጅ ሲጨመርበት፣ የልጆቹ አልጋ ተደራራቢ ሲሆንና ብፌው ከሳሎን ተባሮ ኮሪደር ላይ ሲቆም «ከዚህ ከተማ መውጣት አለብን» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ይህን ሐሳብ ሰሚው ሁሉ ስለ መሄድ የሚነገር አድርጎ ይወስደዋል፤ ዘመድ ይደነግጣል፣ ጎረቤት ቤቱ በስንት እንደተከራየ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ድንጋጤው መሠረት የለውም የሚል ነው። አዲስ ከተማ መምረጥ አንድ ቤተሰብ ባለበት ለመቆየት የሚያከናውነው ሥራ ነው። ከመሄድ ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ ሲሆን፣ እንዲያውም ምርጫው በጥንቃቄ በተካሄደ ቁጥር የመሄዱ ነገር እየራቀ ይመጣል።

ክስተቱ ወቅት አለው። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መጨመሩን የሚገልጽ ደብዳቤ በልጅ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ቤት በሚደርስበት ሰሞን ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለደነገገ፣ በሕጉ መሠረት ቢሆን ውይይቱን በየሁለት ዓመቱ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ግን የሚያስቡት በዓመት ስለሆነ ውይይቱም ዓመታዊ ሆኖ ቀርቷል። መድረኩ የእሑድ ቡና ነው። አባወራው የጭማሪውን ደብዳቤ ይገለብጥና ባዶው ገጽ ላይ ወደ ታች ይጽፋል፦ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር። እማወራዋ ስኒ እያጠበች በእያንዳንዱ ላይ ብይን ትሰጣለች። አያት ካሉ ዝም ይላሉ፤ ይህ ዝምታ በድምፅ ቆጠራ ጊዜ ተቃውሞ ተብሎ መመዝገብ እንዳለበት የሚያከራክር አይደለም። በአቦል አምስት የነበሩት ከተሞች በቶና ወደ ሁለት ይወርዳሉ፣ በበረካ ያልቃሉ። ቡናው ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ የሚቆመው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከተሞቹ የሚወድቁበትን ምክንያት በቅርብ የመረመረ ሰው አስደናቂ ሥርዓት ያገኛል። አዳማ በፍጥነት መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለች፣ ከተማ የሚባል ነገር ሁሉ ያላት ናት፤ የምትወድቀው በሙቀቷና በነፋሷ ነው። ነፋሱ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይን ያዞራል ብሎ የሚከራከር አባወራ ቢኖር፣ ያው ነፋስ የተሰጣ ልብስ ምን እንደሚያደርግ ይነገረዋል። ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ዛፍ አላት፣ አሞራ ገደል ላይ ትኩስ ዓሣ አላት፣ ዓሣውን የሚጠብቅ ቁመቱ ከመጀመሪያ ልጅ የማይተናነስ አባ ኮዳም አላት፤ ይሁንና ትንኝም አላት። ደብረ ብርሃን ትንኝ የላትም፤ ብርድ ግን አላት፤ በአገሪቱ የታወቀው የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉም ለእማወራዋ እንደ ማስረጃ ይቀርብላታል። ባሕር ዳር ውብ ናት፣ ግን ሩቅ ናት። ቢሾፍቱ ደግሞ ቅርብ ናት፤ ቅርብ በመሆኗም አዲስ አበቤው ቀድሞ ደርሶ መሬቱን አስወድዶታል። እንግዲህ አንድ ከተማ ሩቅ በመሆኑ የሚወድቅ፣ ቅርብ በመሆኑም የሚወድቅ ከሆነ ችግሩ ከከተማው ሳይሆን ከመለኪያው ነው።

መለኪያው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ትንሽ ጂኦግራፊ ይበቃል። ወባ በአገራችን በዋናነት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መሬት ላይ ያለ ሥጋት ነው፤ ስለዚህ አዳማና ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፉም። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃንም በላይኛው ማጣሪያ ትያዛለች። የቀረው ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ያለው ጠባብ ቀለበት ነው። በዚህ ላይ ቤተሰቡ ሌሎቹን ቅድመ ሁኔታዎች ይጨምራል፦ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ሌሊት የሚያርፍ ዓለም አቀፍ በረራ፣ ልጆቹ የለመዱት ዓይነት ትምህርት ቤት፣ ዕቃ ቢጠፋ የሚገኝበት መርካቶ የሚያህል ገበያ፣ እንዲሁም አክስቶች። ይህን ሁሉ የምታሟላ አንዲት ከተማ ብቻ አለች፤ ቤተሰቡም እየተከራከረ ያለው እሷው ውስጥ ተቀምጦ ነው። በአዲስ አበባ ሜትር የሚለካ ሰው አዲስ አበባን ቢያገኝ ሊደንቀው አይገባም።

ይህ ጠባይ የድሀ ተከራይ ብቻ ነው የሚል ካለ መንግሥትም እንዲሁ አድርጎ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ሲያልቅ፣ ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን ቦታ አዲስ ዓለም ብለው መርጠው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ስሙ ራሱ ውሳኔው ምን ያህል የቆረጠ እንደነበር ይመሰክራል። ነገር ግን ሹማምንቱም ሆኑ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ላይ ቤት ገንብተው ነበር፤ በዚህ መሀል ባሕር ዛፍ ገብቶ ተስፋፋ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በበኩላቸው ዋና ከተማውን ወደ ባሕር ዳር ለማዛወር አስበው እንደነበር ይነገራል። የሥልጣኑ፣ የአጋሰሱና የሠራዊቱ ባለቤት የሆነ ዙፋን ሁለት ጊዜ ከተማ መርጦ ሁለት ጊዜ ከቀረ፣ ባለ ሁለት ክፍል ተከራይ ቢቀር የሚፈርድበት ዳኛ መኖሩ ያጠራጥራል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ሰው በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ይወጣል፣ ዕቃ የጫነ አይሱዙ በቃሊቲ ሲያልፍ ይታያል። እውነት ነው። ነገር ግን በአይሱዙው ላይ ያሉት ሰዎች ከተማ አልመረጡም። መምህሩ በዝውውር ሄደ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ቅርንጫፍ ተመደበላት፣ ነጋዴው ዕቃው በሄደበት ሄደ። ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃን የከተሙት በሰማይ ላይ ብርሃን ስለታየ ነው፤ በትውፊት ዐፄ ፋሲልን ጎንደር ያደረሳቸው ጎሽ ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልቻለ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው ቤት ይሠራልኝ ስላሉ ነው፤ ያን ጊዜ ባላቸው ዘመቻ ላይ ስለነበሩ በጉዳዩ ላይ ስብሰባ አልተጠራም። ብርሃን፣ ጎሽ፣ ዳገትና ፍል ውኃ ሰው አስነሥተው ያውቃሉ፤ በደብዳቤ ጀርባ የተጻፈ ዝርዝር ግን እስካሁን ከተማ አላስቆረቆረም።

ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ገላን የገቡትስ? የሚል ሌላ ተቃውሞ አለ። ይህኛው ብዙ አያቆየንም። እነዚህ ሰዎች ስልክ ሲደወልላቸው «አዲስ አበባ ነኝ» ነው የሚሉት፤ ጠዋት የሚሰለፉትም ወደዚያው ለሚሄድ ታክሲ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከወረቀት በኩል የሚመጣ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት መሸኛ ይሰጠዋል፣ ነዋሪ ከወረዳው መልቀቂያ ይወስዳል፤ ታዲያ ቤተሰብን የሚያስረው ምንድን ነው? ይላሉ። መልሱ መሸኛ የማይጻፍላቸው ነገሮች መኖራቸው ነው። አንደኛው እድር ነው። አንድ ቤተሰብ ለዐሥራ ምናምን ዓመት ወር በገባ ቁጥር ከፍሏል፣ ለሰው ቀብር ድንኳን ተክሏል፣ ባለመገኘት ተቀጥቷል፤ ይህ ሁሉ ወደ ሐዋሳ እድር ሒሳብ አይዛወርም። እዚያ ሲደርስ አዲስ አባል ነው፣ መግቢያ ይጠየቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማያውቁት ሰዎች ጋር የማያውቁትን ሰው ይቀብራል። ሁለተኛው በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበበት የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ቁጠባው በየወሩ ይገባል፣ ዕጣው ይጠበቃል፤ ሊወጣ ሲል ማን ከተማ ይለቃል? ዕጣው ሳይወጣ በቆየ ቁጥር ደግሞ የመውጫው ቀን ቀርቧል የሚለው እምነት ይጠነክራል፤ በስሌት ረገድ እንከን አይወጣለትም። ሦስተኛው ብፌው ነው። ብፌ ሲገባ በር ተነቅሎ እንደገባ፣ ሲወጣም ግንብ እንደሚፈርስ በቤቱ የታወቀ ስለሆነ ማንም ጉዳዩን ጮክ ብሎ አያነሣውም።

ይህ ከሆነ ክርክሩ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ? የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ የክርክሩን አገልግሎት ካለማየት የሚመጣ ነው። ቤተሰቡ የትምህርት ቤቱን ጭማሪ በቀጥታ ቢከፍል የተሸነፈ ይመስለዋል። አምስት ከተማ መርምሮ፣ አምስቱንም በምክንያት ጥሎ ሲከፍል ግን የሚከፍለው መርጦ ነው። በዚህ ረገድ ሐዋሳና አዳማ ለአዲስ አበባ ተከራይ የሚያደርጉት ውለታ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም፤ ማንም ሳይጠይቃቸው በየክረምቱ ይወዳደራሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ያለ ቅሬታ ይመዘገባሉ። ልጆቹም ይጠቀማሉ፤ የአገራቸውን ከተሞች ከነከፍታቸውና ከነትንኛቸው የሚያውቁት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን በዚህ ቡና ላይ ነው። ከመስከረም በኋላ፣ ምዝገባው ሲያልቅ፣ ስለ ከተማ የሚያነሣ የለም። አባወራው በጥቅምት ስለ አዳማ ቢያወራ ሚስቱ ሥራ ቦታ አንድ ነገር ደርሶበት እንደሆነ ትጠይቀዋለች።

በጥናቱ ያልተካተቱ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። ዝርዝር አልጻፉም፣ ከፍታ አልለኩም፤ አንድ እሑድ ለቡና ሲጠሩ ስልካቸው አልነሣ አለ፣ በኋላም ከሐዋሳ ደውለው ዓሣው ጥሩ መሆኑን፣ ትንኙም እንደሚባለው አለመሆኑን ተናገሩ። ምስክርነታቸውን ለመቀበል አስቸጋሪ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።