ሙክቱና ማይንድሴቱ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በገዛ ፈቃዱ ቀዝቃዛ ውሃ አናቱ ላይ የሚደፋ ወጣት ካያችሁ፣ ጠበል የሚጠመቅ መስሏችሁ እንዳታማትቡ። የእህቴ ልጅ ነው። ሀብታም እየሆነ ነው።

ትእዛዙ የመጣው ከስልኩ ነው። ሚሊየነሮች 11 ሰዓት ይነሳሉ፤ በበረዶ ውሃ ይታጠባሉ፤ መስታወት ፊት ቆመው ገንዘብን በስሙ ይጠሩታል። ይህን የሚያስተምረው ሰውዬ ዱባይ ይኑር ገርጂ፣ ከኋላው በቆመችው መኪና መለየት አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን እንደማይኖር ግን ቢያስምሉኝ እምላለሁ። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ሲያስመስለው አላየማ! ደግሞስ በዚያ ሰዓት እዚህ ሰፈር ማን ይተኛል? እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክበው ጎረቤታችን ምጣዷን የምትጥደው 9 ሰዓት ላይ ነው። ኩበት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ጎህ ሳይቀድ በራችንን ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ ሚሊየነርነታቸውን የደበቁት እንግዲህ ግብር ሸሽተው መሆን አለበት።

እኔ ግን ዛሬ የተነሳሁት ለመውቀስ አይደለም፤ ለማመስገን ነው። ወጣቱ ስለ ገንዘብ እንዲያስብ፣ እንዲያወራ፣ እንዲከራከር ላደረጉት የቲክቶክና የቴሌግራም መምህራን ምስጋና ይድረሳቸው። በእኛ ጊዜ ልጅ ስለ ብር ካወራ "ከየት አመጣኸው?" ተብሎ ኪሱ ይፈተሽ ነበር። ዛሬ ኪሱ ባዶ መሆኑ ስለሚታወቅ ማንም አይፈትሸውም፤ እንደ ልቡ ያወራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታያቸውና ይህችን ከተማ ቆረቆሩ ይባላል። የእኛ ልጅ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የስልክ ብርሃን እያየ ፖርትፎሊዮ ይቆረቁራል።

ከዚህ ትምህርት በፊት እንዴት እንደኖርን ሳስበው ይገርመኛል። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ላይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይመነዘሩ ነበር። ምስኪኖቹ ነጋዴዎች የፎሬክስ ኮርስ አልወሰዱም፤ ሲግናል የሚልክላቸው ቪአይፒ ግሩፕም አልነበራቸውም። አሞሌው ዝናብ ሲመታው ይሟሟል፤ ግሽበት ማለት ምን እንደሆነ እንዲያ በዓይናቸው እያዩ ኖሩ። እኛም ብንሆን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያለ ማይንድሴት ቀርተናል። ገብሱ ግን ተዘርቶ ታጨደ፤ ዕቁቡም ተሰበሰበ። በሌላ በሌላው መከራ ስንቱ ወደቀ፤ ሞቲቬሽን አልቆበት የወደቀ ሰው ግን አልሰማሁም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ዘመን ደረሰ፤ ባለቤቶቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን ሲሉ፣ የአገሩ ወጣት በሁለት አውራ ጣቱ ስክሪን ሲጠበጥብ ከረመ። መስከረም 16 ቀን 2017 የጨዋታው ዲጂታል ሳንቲም ገበያ ወጣ፤ ለብዙው ተጫዋች የጥቂት ማኪያቶ ዋጋ ደረሰው። ጣት ግን ጠነከረ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ወደ በጉ።

በ2017 ለፋሲካ እኛ ልጆቿ አዋጥተን ለእናቴ በ14 ሺህ ብር ሙክት ገዛንላት። ላቱ የሚወዛወዝ፣ ሲሄድ ራሱን የሚያከብር የመንዝ በግ ነው። ልጁ ግቢው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"እምዬ፣ ይሄ አሴት ነው። አሴት አይታረድም።"

ነገሩ ሮበርት ኪዮሳኪ የሚባል አሜሪካዊ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ካሰራጨው ትምህርት የመጣ ነው፤ ኪስህ ውስጥ ገንዘብ የሚያስገባ አሴት፣ ከኪስህ የሚያወጣ ላየቢሊቲ። ልጁ መጽሐፉን አላነበበም፤ የ40 ሰከንድ ቪዲዮውን ግን አይቷል። በዚያው ዕለት ቤቱን በሙሉ መዘገበው። በጉ አሴት። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ወርኃዊ ላየቢሊቲ። እንግዳ፣ በተለይ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ከባድ ላየቢሊቲ። ስለ እኔ ስጠይቀው አቀርቅሮ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ገና አልተመደቡም" አለኝ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስሌቱን አሳየን። አንድ በግ በዓመት ሁለት ይወልዳል፤ በዓመቱ ሦስት ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ዘጠኝ፤ በአምስተኛው ዓመት 243 በጎች። ሠንጠረዡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ አደነቀችው፤ ከዚያም ቀስ ብላ፣

"የኔ ዓለም፣ ይሄ እኮ ሙክት ነው። እንኳን ሊወልድ፣ አያስወልድም" አለችው።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፣ "ኔጌቲቭ ማይንድሴት" አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

እሱ እዚህ ላይ ቆመ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ ተንጠልጥሎ መቅረቱ አሳዘነኝና ሌሊቱን ሙሉ ስጨርስለት አደርኩ። በጉ ካልተዋለደ በአክሲዮን ይበዛል! "ሙክት አክሲዮን ማኅበር (በምሥረታ ላይ)" ብዬ ሰየምኩት። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹን ግዢ በ33 አክሲዮን አድርጎ ገበያ አቅርቦ የለ? እኛም በጉን በዚያው ወግ እንቆራርጠው፤ በወረቀት ማለቴ ነው። ሁለቱ የኋላ እግሮች ተራ አክሲዮን ናቸው። ላቱ ልዩ መብት ያለው አክሲዮን ነው፤ የሚሸጠውም ለመሥራቾች ብቻ። ቀንዱ ለዳያስፖራ። የትርፍ ድርሻ በጸጉር ይከፈላል፤ በዓመት ለአንድ አክሲዮን አንዲት ዘለላ። በትዕግሥት ያጠራቀመ ሰው በጡረታው ዘመን ባና ባያሠራ እንኳ አንድ እግር ካልሲ አያጣም።

ቀጥሎ የቴሌግራም ቻናል ተከፈተ። ሲግናሉ ቀላል ነው፤ በጉ "ባ" ሲል "ባይ" ማለቱ ነው፣ ግዙ። ዝም ሲል "ሆልድ" ነው፣ ያዙ። ሲያስል የቪአይፒ አባላት ብቻ በግል ይነገራቸዋል። እረኛው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተብሎ ክራቫት ታሰረለት፤ ከዚያ ወዲህ ሣር ማጨድ ከደረጃው በታች ሆነበትና አማካሪ ቀጠረ። ጠቅላላ ጉባኤው በሬሳ ወንዝ ዳር ተጠራ። ኦዲተሩ በጉን መዝኖ አራት ኪሎ መቀነሱን ሪፖርት ሲያደርግ አዳራሽ የሌለው አዳራሽ ተንጫጫ። ሥራ አስፈጻሚው ተነስቶ፣ "ይህ ጤናማ ኮሬክሽን ነው፤ ደካማ እጆች ሸጠው ይውጡ" ቢል በጭብጨባ ጸደቀ። አንድ የገጠር ሰው እጁን አንስቶ "ጅብ ቢበላውስ?" ብሎ ጠየቀ። ከግሩፑ ተባረረ።

ዋናው ጥያቄ ግን ቀርቷል፤ ለቀደሙት ባለአክሲዮኖች የሚከፈለው ብር ከየት ይምጣ? በጉ አይወልድም። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ አባላቱ ይዋለዱ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰው ያምጣ፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው ሁለት። በ10ኛው ዙር 1,024 አዲስ አባላት ይገባሉ፤ ጠባሴ በደስታ ትሰክራለች። በ28ኛው ዙር የሚያስፈልገው አዲስ አባል 268 ሚሊዮን ነው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ እጥፍ ያህል። እንግዲህ ኬንያንም ታንዛኒያንም መመዝገብ ነው። በጉ ግን ያው አንድ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ታስሮ ያመሰኳል፤ ስለ ራሱ ይህን ያህል እንደሚወራ አያውቅም።

ይህ ፒራሚድ ይባላል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል። ስሙን "ኮሚዩኒቲ" ማለት ሕጋዊ አያደርገውም።

ሽሙጡን ለጊዜው ላቁም፤ ተናድጃለሁ። ልጁ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ በወር 5,000 ብር። ከመስከረም 2018 ወዲህ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱን ቴሌቪዥኑ ነግሮታል፤ ያ ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ልጅ ነው "ከገቢህ 20 በመቶ ቆጥብ" የሚሉት፤ 1,000 ብር መሆኑ ነው። የቀረው 4,000 ባጃጁን፣ ምሳውን፣ ጫማውንና ምክሩን የሚሰማበትን የኢንተርኔት ጥቅል ይችላል። ቆጥቦ ባንክ ቢያስገባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በንግድ ባንክ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። ያን ቀን 11 ሰዓት የተነሳውም፣ እስከ 3 ሰዓት የተኛውም ቆጣቢ እኩል ከሰሩ።

ልጁ የጎደለው ማይንድሴት አይደለም፤ ደመወዝ ነው። ድህነቱን የራሱ ስንፍና አስመስሎ መድኃኒቱን በኮርስ የሚሸጥለት ሰው ሌባ ነው።

ስለ ኢኮኖሚ መወያየቱንማ ማን ጠላው? ብር ለምን ረከሰ፣ ግብሩ የት ይገባል፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ለምን ወለል የለውም፣ ይህ ሁሉ መወራት ነበረበት። ልጁ ያለበትን ግሩፕ ግን ከፍቼ አይቻለሁ። አናቱ ላይ ሕጉ ተሰክቷል፤ "ፖለቲካ ማውራት ያስባርራል።" እንግዲህ ደመወዝ ፖለቲካ ነው፣ ምንዛሪ ፖለቲካ ነው፣ ግብር ፖለቲካ ነው። የቀረው ኢኮኖሚ ቀዝቃዛ ሻወር ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ልጁ 2,500 ብር ተበድሮ የዚያን ባለመኪና መምህር ኮርስ ክፍያ በስልክ ከፈለ። አበዳሪዋ እናቴ ናት፤ ብሩም ከዕቁቧ ዕጣ የወጣ። የእሷ ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ሰባራ ሳንቲም አይነካም። ስለዚህ ብሩን ስትሰጠው የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ይሄ የሚያስተምርህ ሰውዬ፣ ዋሱ ማነው?"

"እምዬ ደግሞ! 120 ሺህ ፎሎወር አለው እኮ።"

"እሱንማ ሰማሁ። ዋሱን ነው የጠየቅኩህ።"

ኮርሱ ስድስት ቪዲዮ ነበር። ስድስተኛው ሰባተኛውን ለማየት ተጨማሪ መክፈል እንደሚያስፈልግ ያስተምራል። ልጁ ጥያቄ ቢልክ መልስ የለም፤ ቢደውል አይነሳም። "ቢዚ ነው" አለን።

የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 12፣ ሙክቱ ታረደ። ቀንዱን የያዘው እሱ ነው። ዱለቱንም በላ፤ ሁለተኛ ሲጨመርለትም እምቢ አላለም። ከሰዓት በኋላ ቆዳውን ጨው ነስንሶ፣ "ይሄስ አሴት ነው" ብሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው። እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ የሚገዛው አልመጣም።