ባትሪው ደክሟል፦ አልነሳ ያለ መኪና ስለሚጠራው ጉባኤ

አዲስ አበባ ውስጥ ስብሰባ መጥራት ከባድ ነው። ደብዳቤ ይበተናል፣ አዳራሽ ይለመናል፣ ውሎ አበል ይመደባል፤ ያም ሆኖ ምልዓተ ጉባኤው አይሟላም። ያለ በጀትና ያለ ማስታወቂያ ከየአቅጣጫው ሰው የሚያሰባስብ አንድ ዘዴ ብቻ አለ፤ እሱም የመኪና ኮፈን ከፍቶ ወገብን ይዞ መቆም ነው። ይህ ተቋም እስካሁን ደንብ አልወጣለትም፣ ቃለ ጉባኤም አልተያዘለትም። ጉድለቱን በከፊል ለመሙላት አንድ ጉባኤ በቅርብ ርቀት ተመርምሯል።

ቦታው የአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ጊዜው የኅዳር ማለዳ፣ ታማሚዋ አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞር «ቀጭ» አለች። ደግሞ ሲያዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ» አለች። በሦስተኛው ዝም። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ወገቡን ያዘ።

ጉባኤውን የመክፈት ሥልጣን የግቢው ዘበኛ ነው። የመክፈቻ ንግግሩም የታወቀ ነው፤ «ነዳጅ አላት?» ባለመኪናው እንደ መሰደብ ቆጠረው፤ ቢሆንም ማንም ሳያየው ወደ ጌጁ አጮለቀ።

ቀጥሎ ቃሉን የወሰደው የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ «ሞተሪኖ ነው» አለ። ባለፈው ወር ሞተሪኖ አሠርቷል። ከማዶው ብሎክ የመጣው «ካንዴላ ነው» አለ። ካንዴላ ከቀየረ ሳምንቱ ነው። ወደ ሥራ የሚጣደፍ አንድ ወጣት ሳይቆም «ቫልቮላውን እየው» ብሎ አለፈ፤ እሱ ምን አሠርቶ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው፦ ሰው በሌላው መኪና ላይ የሚያየው በሽታ ራሱ በቅርቡ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ነው። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ብቻ በሽታ አልጠሩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሞተሩን ትክ ብለው አይተው፣ «እም» አሉ። የዕለቱ ከፍተኛ አክብሮት የተቸረው ለዚህ አስተያየት ነው።

ክርክሩ የሚካሄደው በአማርኛ ነው ይባላል። ሲመረመር ግን ሞተሪኖው፣ ካንዴላው፣ ቫልቮላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ኮፈኑ ራሱ ሳይቀር ጣልያንኛ ነው። የኢጣሊያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ከኮፈን ሥር ያለውን ይዞታ አላስረከበም።

ሳይንሱ ግን አጭር ነው፤ ተከታይ ያጣውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። የፊት መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞር ይበቃል። መብራቱ ጭልምልም ካለ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ እንደ ደመቀ አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖ ይዞራል። ሞተሩ በደንብ እየተሽከረከረ አልነሳ ካለ ባትሪውም ሞተሪኖውም ነጻ ናቸው፤ ነዳጅና ካንዴላ የሚጠየቁት ያኔ ነው። ቴስተር ካለ ሙግቱ ያጥራል። ባትሪው እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 6 ክፍሎች ስላሉት ሲሞላ 12.6 ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም የተደጋገመው «ቀጭ ቀጭ» የደከመ ባትሪ የታወቀ አነጋገር ስለሆነ ታማሚዋ ሕመሟን ከመጀመሪያው ተናግራ ነበር። ይህ ሁሉ ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጉባኤው አርባ ደቂቃ ቆየ፤ መብራት ያበራ ሰው አልነበረም።

ባትሪው ቢደክም አይፈረድበትም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስና አሲድ ባትሪን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሆን ዛሬም ከኮፈን ሥር የተቀመጠው በመሠረቱ ያው ነው። ሞተር ማስነሳት ግን ኋላ የተጫነበት ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣችው መኪና በእጅ እየተዘወረች የምትነሳ ነበረች፤ ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሳ መኪና ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ከዚያ በፊት መኪና እምቢ ሲል የሚታማው ክንድ ነበር።

በአርባኛው ደቂቃ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ «በግፊ!» ብሎ ወሰነ። ቁልፉ በርቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፤ መኪናዋ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑ ልቅቅ ይደረግና ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። አውቶማቲክ ማርሽ በዚህ አይሸነገልም። የሥራ ክፍፍሉ ሳይነጋገሩ የተደረሰበት ነው። ዘበኛውና አንድ ሊስትሮ ከኋላ በትከሻቸው ገፉ። ሞተሪኖና ካንዴላ ከጎን ሆነው አንድ መዳፍ ጣሪያው ላይ፣ ሌላውን ስልካቸው ላይ አሳረፉ። ጡረተኛው ከፊት እየሄዱ እጃቸውን አወዛወዙ። መኪናዋ ሦስቴ ተንገጫግጫ ተነሳች።

«ሞተሪኖ ነው አላልኩም?» አለ የሁለተኛ ፎቁ ሰው። ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ግፊ ሞተሪኖውንም ባትሪውንም ስለሚያልፋቸው በአንዳቸውም ላይ አይመሰክርም።

ፍርዱ የተሰጠው ባትሪ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩ 14.1 አሳየ፤ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፍ ሲዞር ግን ወደ 7 አሽቆለቆለ። ከ9.6 በታች መውረድ ባትሪው ማብቃቱን ይጠቁማል። «ደክሟል» አለ የሱቁ ልጅ። ባትሪ በአማርኛ አይሞትም፤ ይደክማል። ይኼኛው አምስት ዓመት አገልግሏል፤ የብዙዎቹ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሆነ በጡረታ ደንቡ መሠረት ነው የተሰናበተው።

አሰነባበቱም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚፈታው ነጌቲቩ ነው፤ አዲሱ ሲገባም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ምክንያቱም መፍቻው ፖዘቲቩን ይዞ ሳለ ቦዲ ቢነካ እሳት ይረጫል። ጫፎቹ ላይ የተጋገረው ነጭ አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ ታጠበ። የመሣሪያ ሣጥኑ ሲገለበጥ 8፣ 12፣ 13፣ 14 ቁጥር መፍቻ ተገኘ፤ የሚፈለገው 10 ቁጥር ከጎረቤት ሱቅ ተለመነ። አሮጌው ባትሪ ለእርሳሱ ሲባል ዋጋ ስላለው ከሒሳቡ ተቀናነሰ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ይህ ተቋም ይፈርሳል ተብሎ ተሰግቶ ሊሆን ይችላል። ሥጋቱ መሠረት የለውም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ስለሆነ እሱ ከደከመ ትልቁ ሞልቶም መኪናው አይነቃም። በዚያው ግቢ አንዷ እንዲህ ሆና ኮፈኗ ተከፈተ። ዘበኛው «ቻርጅ አላት?» ብሎ ጉባኤውን ጀመረ። የማዶው ብሎክ ሰው ካንዴላ ፈልጎ አጣ። ጡረተኛው «እም» አሉ። የሁለተኛ ፎቁ ነዋሪ ግን አላመነታም፤ «ሶፍትዌር ነው» አለ።

ስልኩን ሶፍትዌር ካስጫነ ሦስት ቀኑ ነው።