«የፊተኛው መኪና ነው»

ስሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማሽላውም ጤፉም እዚያ ወጉ ደርሶት ይመረመራል። በዚያው በስሪንቃ አቋርጦ ከመርሳ ወልድያ በሚወጣው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ፣ በአሮጌ መኪና ውስጥ ስለሚሸተው ቤንዚን ግን የሚጨነቅ ምሁር ያለ አይመስልም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል።

ለናሙና የተመረጠችው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 1290 ሲሲ፣ አጠጣጧ በካርቡሬተር፣ ዕድሜዋ ከሾፌሯ ይበልጣል።

የቤንዚን ሽታ በሁለት ታላላቅ ነገዶች ይከፈላል፤ ጥሬና ብስል። ብስሉ በማርሚታ የሚወጣው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የተራራ ነው። መርሳ ቆላ ላይ በልኩ የሚጠጣ ካርቡሬተር ወልድያን አልፎ የድልብን ዳገት ሲያያዘው አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተሩ ይህን የሚነግረው ስለሌለ ቤንዚኑን እንደ ቆላው መቅዳቱን ይቀጥላል። ሞተሩ ይጠግባል፣ ያገሳል። ስለ ብስሉ በሁለተኛው ክፍል በሰፊው እንመለስበታለን።

ጥሬው ሳይቃጠል ያመለጠው ነው። ከሰልባቲዮ፣ ከቱቦ፣ ከፖምፓ ወይም ከራሱ ከካርቡሬተር ሊያመልጥ ይችላል። አጥኚው ግን ከእነዚህ ወደ አንዱም ከመድረሱ በፊት አንድ አጥር ያጋጥመዋል፤ እሱም ሾፌሩ ነው። ሾፌር ሁሉ ሽታ ሲነገረው የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የፊተኛው መኪና ነው።» ይህ መልስ እንደ ግስ በጊዜያት ይረባል።

በአሁን ጊዜ ሲረባ፣ ከፊት የሚያቃስተው አይሱዙ ተጠያቂ ይሆናል። አይሱዙ የሚጠጣው ናፍጣ መሆኑን፣ የናፍጣና የቤንዚን ሽታም ለየቅል መሆኑን ከሾፌሩ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕውቀቱ ግን ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ከፊት አንድም መኪና ከሌለ መልሱ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይዞራል፤ «ቅድም ያለፈው ጥሎት የሄደ ነው።» ባዶ መንገድ ላይ ደግሞ በትንቢት የሚናገሩ አሉ፤ ከኩርባው ማዶ ገና ያልታየ መኪና ሽታውን አስቀድሞ ይልካል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን «ስንቀዳ ፈሶ ነው» የሚለው ነው። የሚከፋውም እውነት ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ሲገለበጥ እጅም ጎማም ይነካል። ነገር ግን በመርሳ ሐሩር የፈሰሰ ቤንዚን ብዙ አይቆይም። ውርጌሳ ላይ የፈሰሰ ነው ተብሎ ስሪንቃ ድረስ ከሸተተ፣ ያ ቤንዚን እየተሳፈረ ነው ማለት ነው።

በመስክ ከተሰበሰበው መረጃ አንዱን እዚህ ማስፈር ይገባል። ጋቢና የተቀመጡ፣ ዘንቢል ሙሉ የመርሳ ማንጎ የታቀፉ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ቤንዚን ይሸታል።»

«አብሽሩ እማማ፣ የፊተኛው መኪና ነው።»

«ከፊታችን ያለውማ ግመል ነው።»

«እንግዲያስ ያለፈው ነው።»

«ያለፈው አልፏል። ይሄ ጥሬ ነው፣ ከዚህ ከፊቴ ነው የሚመጣው።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ነገዱም ተለይቷል፣ አቅጣጫውም ተጠቁሟል። ሾፌሩ ለምን አልሸተተውም? ውሸታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። አፍንጫ አንድን ሽታ ደጋግሞ ሲያገኘው ይለምደውና ዝም ይላል። ስለዚህ የባለመኪናው አፍንጫ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ በቤንዚን እጁን ሲታጠብ የሚውል መካኒክ አፍንጫም እንደዚያው። የሚታመነው መሣሪያ አሁን የተሳፈረ ሰው ነው፤ ማንጎ ከያዘማ እሰየው።

ወልድያ ጋራዥ ተደረሰ፣ ኮፈኑ ተከፈተ። ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ይጠበቃል። ጨለማ ነው ብሎ ክብሪት የሚጭር ተመራማሪም አይጠፋም፤ ዘዴው ቀዳዳውን ያለ ጥርጥር ያሳያል፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። መካኒኩ በመጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሸተተ። ፖምፓው ውስጥ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ቤንዚኑ ቁልቁል ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ዘይቱ ይቀጥናል፣ መጠኑም ሳይጨመርበት ከፍ ይላል። ዘይቱ ደህና ነው። እዚህ ላይ ከእማማ አፍንጫ እርዳታ ተጠየቀ፤ እሳቸውም ዘይት ዘይት ብቻ እንደሚል መሰከሩ።

ቀጥሎ ዓይን ሠራ። የሀብሩ አቧራ ሞተሩን እንደ ጋቢ አልብሶታል፤ ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ጎማ ቱቦ ጫፍ ሥር ግን አንድ ጣት የምታህል፣ ጥርት ብላ የታጠበች ቦታ አለች። ውሃ የነካው አቧራ ጭቃ ይሆናል፤ ቤንዚን ግን አጥቦት ራሱ ይተናል። ከላይ፣ ፋሸታ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ሦስት ዙር የተጠመዘዘ ሽቦ ተገኘ። ሽቦው ጎማውን ነክሶት ተሰነጣጥቋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከስንጥቁ ላብ ላብ የሚል ነገር ይወጣል።

«ይቺን ማን ነው ያሰራት?» አለ መካኒኩ።

«የፊተኛው ባለቤት ነው» አለ ሾፌሩ።

የተሰነጠቀው ቱቦ ወጥቶ አዲስ ገባ፣ በሁለት ፋሸታም ጠበቀ። ስለ ብስሉ ሽታ የተገባው ሁለተኛ ክፍል እዚህ መጀመር ነበረበት፤ ነገር ግን ኮፈኑ ተዘግቷል፣ እማማም ገበያው ሳይፈታ ለመድረስ ቸኩለዋል። ማንጎው ቤንዚን ቤንዚን ይላል የሚል ገዢ ከመጣ የሚሉትን መንገድ ላይ ተምረዋል።